ባትሪው እኔ ክፍል ውስጥ ነበር

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስጨብጣችሁ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ፤ እኔ የሺ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ። ጎረቤቴ ጣራዬ ተንኳኳ ብላ ጸበል ስትረጭ፣ እኔ ድመት ነው ብዬ ድንጋይ የምወረውር ነኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና መሪጌታ ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ ማሕሌት የቆመ ሰው፣ እሱ እንኳን «የሚወራው ሁሉ እውነት ቢሆን ጎንደር ላይ ቤት የሚከራየው ሰው ሳይሆን ጋኔን ነበር» እያለ ይስቅ ነበር። እኔም የሱ ልጅ ነኝ። ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ መጋረጃ እሰፋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር እከራከራለሁ፣ ሲመሽ ማራኪ ወዳለው ቤታችን እገባለሁ፣ ከእናቴ ጋር እራቴን እበላለሁ፣ በቃ፣ ሕይወቴ ይችው ናት። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ «የሺንም ጀመራት» እንዳትሉ፣ ያየሁትን ነው የማወራው፣ ያየሁት ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ወንድሜ አንዷለም ሾፌር ነው። ነጭ ፒካፕ አለችው፣ አሮጌ ትሁን እንጂ ሸጋ ማኪና ናት፣ ከዛሪማ ሽንኩርትና ማሽላ እየጫነባት ጎንደር ያመጣ ነበር። ቤት ሲደርስ የራሱ አመል ነበረው፣ በሩ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር፣ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ክላክስ ያደርጋል፣ ያኔ እናቴ የያዘችውን ጥላ በሩን ልትከፍት ትሮጣለች፣ እኔ ልክፈት ብላት አትሰማኝም። በጦርነቱ መንገዱ የከፋ ጊዜ ማኪናዋን ግቢያችን ውስጥ አቁሞ፣ በሰው የጭነት ማኪና ተለዋጭ ሾፌር ሆኖ ወደ ዛሪማ ሄደ። «የኔዋን ቢቀሙኝ በምን እሠራለሁ?» አለ። ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ እንደቆመ «የሺ፣ አደራ፣ ባትሪዋ እንዳይወርድብኝ፣ ስመለስ ቁልፍ አዙሬ ነው የምወጣው» አለኝና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። የጭነት ማኪናው አልተመለሰም፣ አብሮት የሄደው ሰውዬም አልተመለሰም። አንዱ ዛሪማ ሻይ ሲጠጣ አይቼዋለሁ ይላል፣ ሌላው ዛሪማም አልደረሰ ይላል፣ አየሁ ያለው ሁሉ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትጠይቁት ሰማሁ ይላል። ሬሳ አላየንም፣ መቃብር አላየንም። እኔ ሳላይ አላምንም አልኩ፣ አሁንም እላለሁ።

ስለ ባትሪ መጀመሪያ ምንም አላውቅም ነበር። ነዳጅ የጠፋበት ጊዜ ስለነበረ ማኪናዋን ማስነሳት አልቻልኩም፣ የቆመች ማኪና ምን ትሆናለች ብዬ ተውኳት፣ አንድ ቀን ቁልፉን ባዞረው ጭጭ አለች። መካኒክ አመጣሁ፣ ከሌላ ባትሪ በገመድ አገናኝቶ አስነሳልኝና «እህቴ፣ ማኪና ቆማም ትበላለች፣ ሰዓቷም ምኗም ትንሽ ትንሽ ይወስዳል፣ ቀስ እያለ የሚሞላ ትንሽዬ ቻርጀር ግዢና ሰክተሽ ተያት» አለኝ። ገዛሁ። የምሳ ዕቃ የምታክል ነገር ናት፣ ቀይ መቆንጠጫዋን በቀዩ፣ ጥቁሯን በጥቁሩ ታስይዟታላችሁ፣ እየሞላች ሳለች ቀይ ታበራለች፣ ስትጨርስ አረንጓዴ ትሆንና ጠብ ጠብ እያደረገች ባለበት ትጠብቀዋለች። ከክፍሌ መስኮት በማራዘሚያ ገመድ ስቤ ኮፈኑ ሥር አደረስኳት፣ ማኪናዋን በሸራ ሸፈንኳት፣ መብራት ሲጠፋ እየተሳደብኩ፣ ሲመጣ እየሮጥኩ፣ ያንን ባትሪ እንደ ልጅ አሳደግኩት። ጎረቤቶቼ «የሺ ማኪናዋን ጡጦ አጉርሳ አስተኛቻት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ! እነሱ ወንድማቸው አደራ አላላቸው።

ያልቻልኩት ሰዓቷን ነው። አንዷለም የማኪናዋን ሰዓት በሐበሻ ሰዓት ነበር የሚሞላው፣ ያውም እንዳይረፍድበት ትንሽ አስቀድሞ። ባትሪው የወረደ ጊዜ ሰዓቷ ጠፍታ ነበርና ስትመለስ እንደ አዲስ ከአንድ ጀመረች፣ ከዚያ ወዲህ በገዛ ሐሳቧ ነው የምትሄደው፣ እኔ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል እሷ ሌላ ዓለም ላይ ናት። የትኛው ተጭኖ የትኛው እንደሚዞር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። መጥቶ ያስተካክላት ብዬ ተውኳት።

አሁን አያ ፈንቴ ይምጡላችሁ። አያ ፈንቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ዳባት አካባቢ አራሽ ናቸው፣ እኔንና አንዷለምን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉን ሰው ናቸው፣ ክፉ እንዳይመስሏችሁ። ዘንድሮ አጨዳው ሳይጀመር ሊጠይቁን መጡና እናቴን አዩዋት። እናቴ አልጋ ላይ መተኛት ትታለች፣ ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ነው የምታድረው፣ መንገድ ላይ ማኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች፣ ከስታ ከስታ ነጠላዋ ብቻውን የተቀመጠ ይመስላል። አያ ፈንቴ ይህንን አይተው እንባቸው መጣ፣ ጠረጉና ቁርጡን ተናገሩ።

«የሺ፣ ይበቃል። ልጁ ሞቷል። ይለቀስለት፣ ፍታትም ይፈታለት፣ እናትሽም አልቅሳ ይውጣላት።»

«ሲሞት ማን አየው?» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ሕያው ሰው ለእናቱ ይሄን ያህል ዝም ይላል?»

«እንጃ፣ እሱን ሲመጣ እንጠይቀዋለን።»

«አይ አንቺ ልጅ! ምላስሽን የአባትሽ ቅኔ ነው የሳለው» አሉና ወደ እናቴ ዞሩ፣ «አንቺስ እህቴ፣ ምን ትያለሽ?»

እናቴ «ደከመኝ» አለች። እሳቸው እሺታ አድርገው ወሰዱት። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ፣ ደከመኝ ካለች ደከማት ማለት ነው፣ ልጄ ሞቷል አላለችም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ምናልባት ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር። በባላገሩ ዘንድ ወንድ ሲሞት ፈረሱን ጭነው፣ ልብሱን ከነጠመንጃው አውጥተው፣ ለቅሶው መሀል ያዞሩታል፣ በተለይ ሬሳው ያልተገኘ እንደሆነ ለቀስተኛው የሚያለቅሰው ፈረሱንና ልብሱን እያየ ነው። አያ ፈንቴ አሰቡ አሰቡና «የሱ ፈረስ ማኪናው ናት» አሉ። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ተደርጎ፣ ፎቶው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣ አንድ የሚያውቁት ሾፌር ቀስ አድርጎ እየነዳት፣ ከግቢያችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ለቀስተኛው ከኋላዋ እያለቀሰ እንዲከተላት ወሰኑ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ያንን ሁሉ ክረምት ባትሪውን የጠበቅኩት ለካ ለገዛ ወንድሜ ለቅሶ ኖሯል! ደሜ ፈላ፣ እመኑኝ፣ በእጄ መቀስ ይዤ ነበር፣ ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ማኪናዋ ከዚህ ግቢ አትወጣም» አልኩ።

«አንዱን ቁልፍ እናትሽ ሰጥታኛለች» አሉ፣ አውጥተውም አሳዩኝ።

«እሺ» አልኩ። እኔ እሺ ስል የሚያውቁኝ ሰዎች ይጠነቀቃሉ፣ አያ ፈንቴ ግን ገጠር ስለሚኖሩ ረስተውታል።

የለቅሶው ዋዜማ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አያ ፈንቴ ድንኳን ሊከራዩ በወጡበት መፍቻዬን ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ቀዩን፣ መካኒኩ እንዳሳየኝ አድርጌ ፈታሁ፣ ባትሪውን ሆዴ ላይ አስደግፌ እየተንገዳገድኩ ክፍሌ አስገባሁት፣ ስፌት ማኪናዬ አጠገብ ጣውላ ላይ አስቀምጬ ቻርጀሯን ሰካሁለት። ኮፈኑን ዘጋሁ፣ ሸራዋን አለበስኳት። እንግዲህ ቁልፉን ያዙሩት ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሲመሻሽ መብራት ጠፋ። የኛ ቤት ብቻ አይደለም፣ ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ። ሻማ ፍለጋ ክፍሌ ስገባ የቻርጀሯ አረንጓዴ መብራት እንደበራ ነው። መብራት የለም፣ እሷ በርታለች። ከግድግዳው ነቀልኳት፣ አሁንም በርታለች። ልቤ ትንሽ ደንገጥ አለ፣ አልዋሽም። በኋላ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠይቄ «ባትሪው ራሱ መልሶ ሊያበራት ይችላል፣ አንዳንዱ ቻርጀር እንደዚያ ነው» ብሎኛል፣ እሺ፣ ተቀብያለሁ፣ እስከዚህ ድረስ ምንም የለም።

ሻማዬን ለኩሼ ልወጣ ስል ከግቢው ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ይህንን ድምፅ ማኪና ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፣ የፍሬቻ ድምፅ ነው፣ ሾፌር ልታጠፍ ነው ብሎ ፍሬቻ ሲያሳይ የሚሰማው። አንዷለም በሩ እስኪከፈትለት ፍሬቻውን አብርቶ ነበር የሚቆመው። የጣራ ጠብታ ይሆናል አልኩ፣ ዝናብ ካቆመ ግን ሰንብቷል። ያን ጊዜ እናቴ ከወዲያኛው ክፍል፣ ከወንበሯ ላይ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ተጣራች።

«የሺ፣ ምነው በሩን አትከፍችለትም?»

«ማንም የለም እማዬ፣ እየቃዠሽ ነው» አልኳት።

ወጣሁ። ማኪናዋ ሸራዋን እንደለበሰች ቆማለች፣ ምንም የሚበራ ነገር የለም፣ ድምፁ ግን ከሷ ነው የሚመጣው፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሸራውን ገልጬ እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ ድምፁ ቀጥ አለ። ኮፈኑ ሞቋል። ፀሐይ ነው እንዳልል፣ ሸራ ለብሳ ጥላ ውስጥ ነው የዋለችው፣ እጄ ደግሞ ከሩቅ መንገድ የገባች ማኪና ምን ያህል እንደምትሞቅ ያውቃል፣ ስንት ጊዜ ዕቃ ሳወርድለት ተደግፌያታለሁ። ታዲያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? በመዳፌ ኮፈኑን መታ መታ አድርጌ «አርፈሽ ተቀመጪ!» አልኳት። እውነቴን ነው። ተቆጥቻት ገባሁና በሬን ቆለፍኩ፣ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ጠዋት ግቢው በሰው ሞላ። ከዳባት የመጡ ዘመዶች፣ የሰፈር ሰዎች፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ጥበቡ መጽሐፋቸውን ይዘው፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። እኔ ቀይ ሹራብ ለበስኩ። ሴቶቹ እያዩኝ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ይምጠጡ። እናቴን መሀላቸው ሰሌን ላይ አስቀምጠዋታል፣ አላለቀሰችም። ሾፌሩ ሸራውን ገፈፈና ገብቶ ቁልፉን አዞረ፣ ጭጭ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና «አያ ፈንቴ፣ ባትሪ የላትም እኮ!» አለ።

አያ ፈንቴ ፈልገው አላገኙኝም እንዳትሉ፣ ክፍሌ በር ላይ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ።

«የሺ፣ ባትሪውን አምጪ።»

«አላመጣም።»

«ሰው ሰብስበን ታዋርጅናለሽ?»

«ሰው ሳይሞት ሰው የሰበሰባችሁት እናንተ ናችሁ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«ኧረ በወላዲቷ፣ ኧረ የሺ» አሉ ሴቶቹ። አያ ፈንቴ ኩታቸውን አጣፉ፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ግን አልሰደቡኝም። «ግድ የለም፣ ፈረስስ መች ባትሪ ነበረው? በእጅ እንገፋታለን» አሉና ወንዶቹን ጠሩ። ወንዶቹ ከኋላ ተደረደሩ፣ እጃቸውን አሳረፉ፣ ሾፌሩ ጭንቅላቱን ኮፈኑ ውስጥ እንዳደረገ ተንጠልጥለው የቀሩትን ሁለት ገመዶች እያየ ነበር፣ ማኪናዋ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። በዚህ መሀል ክላክሱ ጮኸ።

አጭር፣ አጭር፣ ረዥም።

ከመንገድ ነው እንዳትሉኝ፣ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲፈናጠር ጭንቅላቱን በኮፈኑ ክዳን ተመቶ ደሙ ወርዷል። የሚገፉት ወንዶች እጃቸውን እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰቡ፣ አንደኛው ማማተብ ጀመረ። ባትሪው እኔ ክፍል ውስጥ፣ ከኋላዬ፣ ጣውላው ላይ ነበር፣ ዞር ብዬ አየሁት፣ አለ። መቃኑን ይዤ ቆምኩ።

ያን ጊዜ እናቴ ተነሳች። ማንም አልደገፋትም፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በሴቶቹ መሀል አልፋ ወደ በሩ ሄደች፣ መቀርቀሪያውን ሳበችና ሁለቱንም በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ውጭ ማንም የለም። አንድ ባጃጅ አለፈ፣ አንዲት ተማሪ ቆማ ግራ ገብቷት ወደኛ አየች፣ ሄደች። እናቴ መንገዱን ግራና ቀኝ ተመለከተች፣ ቆየች፣ ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ለቅሶ የለም» አለች። «ወደየቤታችሁ ግቡ፣ ልጄ መንገድ ላይ ነው።»

መምሬ ጥበቡ መጽሐፋቸውን ከጨርቁ ውስጥ መልሰው ጠቀለሉት። «እናቲቱ ካላለች እኔ አልፈታም» አሉ፣ ግቢውን ባርከው ወጡ፣ ሰዉም ተከትሏቸው ወጣ፣ ድንኳኑ ባዶውን ቀረ።

አያ ፈንቴ አልሄዱም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማኪናዋን ሲያዩ ዋሉ። ከሰዓት ባትሪውን ተሸክሜ ስወጣ ተነስተው አገዙኝ፣ ቀዩን አሰርኩ፣ ጥቁሩን አሰርኩ። ገብቼ ቁልፉን ከፈት አደረግኩ፣ መብራቶቹ በሩ። ዓይኔ ሰዓቷ ላይ ዐረፈ።

ባትሪ ተፈትቶ ሲታሰር ሰዓቷ እንደ አዲስ ከአንድ እንደምትጀምር ነግሬያችኋለሁ። አልጀመረችም። ስልኬን አውጥቼ አመሳከርኩ። በሐበሻ ሰዓት ልክ ናት፣ ትንሽ ብቻ ትቀድማለች። አያ ፈንቴ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው አዩ፣ የእህታቸው ልጅ ስንት ጊዜ በዚህች ማኪና ዳባት ድረስ አድርሷቸዋል፣ ያችን አመሉን ያውቋታል። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ እናቴ እንዳትሰማ፣ «ሕያው ሰው ሳይታይ ገብቶ ሰዓት ይሞላል? ይሄ ነፍሱ ናት። አልቅሱልኝ እያለች ነው።»

ይህ ሐሳብ ለኔም መጥቶልኝ ነበር፣ እሳቸው ከመናገራቸው በፊት ነው የመጣልኝ። ግን እጅ አልሰጥም።

«ሞቶ ከሆነ ሰዓት ምን ያደርግለታል? እንዳይረፍድበት የሚፈራው ምንድን ነው?»

አያ ፈንቴ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው፣ ግንባሬን ስመው፣ ያን ዕለት ዳባት ገቡ።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምራ አልጋዋ ላይ ትተኛለች፣ ትበላለች፣ በሩን ግን እንዳይቆለፍ ትላለች፣ እኔም አልቆልፍም። ክላክሱን አንድም ቀን አልነካሁትም፣ ከነካሁት ትሮጣለችና። ጥቁር አልለበስኩም፣ አልለብስምም፣ አሁንም በመናፍስት አላምንም፣ ያላየሁትንም ሞት አላምንም፣ ማንም መጥቶ ሊያሳምነኝ ከፈለገ ባትሪ የሌላት ማኪና እንዴት እንደምትጮህ አስረድቶኝ ይጀምር። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ቻርጀሯን እሰካለሁ፣ አረንጓዴ እስክትሆን እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ ሰዓቷን አያታለሁ፣ ሁልጊዜ ትንሽ ትቀድማለች። «ባትሪው ሙሉ ነው፣ አንዷለም» እለዋለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ አደራ ተቀባይ። ብዬ ስጨርስ ግን አልቆምም፣ መልስ ሳልሰማ ፈጥኜ እገባለሁ።